ከሴቻ ግርጌ የሚፈልቅ ውሃ፦ የአርባ ምንጭ ምንጮችና ጉድጓዶች የብክለት ስጋት እንዴት ይመዘናል?

አርባ ምንጭ በሁለት እርከን ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ውሃ የሚፈልቀው ከገደሉ ግርጌ፣ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች በሚዘረጋው ደን ውስጥ ነው። ከዚያ በፓምፕ እየተገፋ ወደ ማጠራቀሚያ ይወጣል፣ በቧንቧም ይከፋፈላል። የከተማው ግማሽ ከሚጠጣው ውሃ በላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ሽንት ቤቱንም የሚቆፍረው እዚያው ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ በጫኖ፣ በላንቴና በሼሌ የሙዝ እርሻዎች መካከል ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች አሉ፤ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ደግሞ የጎለበቱ ትንንሽ ምንጮች። ሁሉም የከርሰ ምድር ውሃ ናቸው። የሚሰጋላቸው ነገር ግን አንድ አይደለም፤ ስጋቱ የሚለካበት መንገድም አንድ ሊሆን አይገባም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ መለኪያው ነው። በአገራችን የብክለት ስጋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚወጣው ሜትር ነው፦ ከሽንት ቤቱ እስከ ጉድጓዱ ስንት ሜትር አለ? ለገጠር የእጅ ጉድጓድ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ለአርባ ምንጭ ምንጮች ግን ከርቀት ይልቅ ውሃው ከየት እንደሚመጣና በስንት ጊዜ እንደሚደርስ መጠየቅ ይቀድማል። ያልተመለሰውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ያለፈበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1854 ጆን ስኖው በለንደን የኮሌራን ወረርሽኝ ከብሮድ ስትሪት ፓምፕ ጋር ካያያዘ ወዲህ፣ ጉድጓድንና የሰው እዳሪን አራርቆ ማስቀመጥ የሕዝብ ጤና መሠረት ሆኖ ቆይቷል። ርቀቱ ስንት ይሁን ለሚለው ግን መልሱ ሁለት መንገድ ይዞ ሄደ። በሰብዓዊ እርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመሪያ ሽንት ቤት ከከርሰ ምድር ውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የጉድጓዱም ወለል ከውሃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል ይላል። ጀርመኖች ርቀቱን በቀን ለኩት። ውሃው ከመሬት በታች 50 ቀን ከተጓዘ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በመንገድ ያልቃሉ በሚል፣ በየውሃ መውጫው ዙሪያ የ50 ቀን ክልል አጠሩ። ሁለቱ መመሪያዎች ቢመሳሰሉም ልዩነታቸው ትልቅ ነው። በጥሩ አሸዋ ውስጥ 50 ቀን ጥቂት ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ግን ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳዊው ዣን ማርጋ የከርሰ ምድር ውሃን ተጋላጭነት በካርታ የማሳየት ሐሳብ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይፋ ያደረገው ድራስቲክ የተባለው ዘዴ ይህን ሐሳብ ወደ ነጥብ አሰጣጥ ለወጠው። የውሃው ጥልቀት፣ የሙሌቱ (ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ውሃ) መጠን፣ ውሃ አዘሉ አለት፣ አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ በአፈሩና በውሃው መካከል ያለው ደረቅ ንብርብርና አለቱ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ፣ እነዚህ ሰባቱ ከ1 እስከ 5 ክብደት እየተሰጣቸው ይደመራሉ። ርካሽ በመሆኑና ባለው መረጃ ስለሚሠራ በኢትዮጵያም የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ወዳጅ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የውሃ ደኅንነት ዕቅድ የተባለውን አሠራር አቀረበ። በዚህ አሠራር ናሙና ከቧንቧ ጫፍ ቀድቶ መመርመር ብቻ አይበቃም፤ ከሙሌቱ ቦታ እስከ ጠጪው ድረስ ያለው ሰንሰለት እያንዳንዱ ቀለበት ይፈተሻል።

በኢትዮጵያ ለረዥም ጊዜ ዋናው ጥያቄ ውሃ መገኘቱ ነበር፤ ጥራቱ ዘግይቶ ነው የመጣው። የጥራት ጥያቄ ቀድሞ የተነሣው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ወንጂ ነው፤ እዚያ ፍሎራይዱ ከስምጥ ሸለቆው አለት የሚመጣ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሌላው አቃቂ ነው፤ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ በሚጎርፍባቸው ወንዞች አጠገብ የአዲስ አበባ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። አንዱ ከሥር፣ ሌላው ከላይ የሚመጣ ስጋት ነው። አርባ ምንጭ ሁለቱንም በአንድ ላይ ልትይዝ ትችላለች፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

ሜትር፣ ካርታ፣ ናሙና

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አቋሞች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትይዘው ሜትር ነው። ለማስተማር ይቀላል፣ ለመቆጣጠርም ይቀላል፣ ባለሙያም አይጠይቅም። ከ30 ሜትር በታች የሚለውን ማንም ገበሬ በእርምጃ ይለካዋል። ይህን የሚንቅ ሰው በገጠር ሠርቶ አያውቅም። ድክመቱ መሬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ መነሣቱ ነው።

ካርታው ይህን ድክመት ያርማል፤ በምትኩ ሌላ ድክመት ያመጣል። ድራስቲክ ሲሠራ አራት ነገር ታሳቢ አድርጎ ነው የተነሣው፦ በካዩ ከመሬት ገጽ ይነሣል፣ በዝናብ ታጥቦ ይሰርጋል፣ እንደ ውሃው ይጓዛል፣ የሚመዘነውም ቦታ 40 ሄክታር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሽንት ቤት የመጀመሪያውን ታሳቢ ያፈርሳል። ሦስትና አራት ሜትር ሲቆፈር አፈሩ ታልፏል፤ ባክቴሪያን የሚያጣራውና የሚያስቀረው ደግሞ በዋናነት አፈሩ ነበር። እንዲያም ሆኖ ካርታው ለአፈሩ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ "ይህ ቦታ የተጠበቀ ነው" ይላል። ገደላማ ቦታም ዝናቡ ስለሚንሸራተትበት አነስተኛ ተጋላጭነት ይሰጠዋል። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ግን ገደሉ ራሱ የመሬት ስብራት የፈጠረው ነው፤ ስብራት ባለበት ስንጥቅ አለ፣ ስንጥቅ ባለበት ደግሞ ውሃ ሳይጣራ የሚወርድበት መንገድ። ስለዚህ በሴቻ ጠርዝ ላይ ካርታው አረንጓዴ ቀለም ቢቀባ የሚያጽናና ነገር የለውም።

ሦስተኛው አቋም "ውሃውን መርምረው" የሚለው ነው። የሚከራከሩበት ነገር ጠንካራ ነው፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ የካርታ ጭቅጭቅ ለምን ያስፈልጋል? አገር አቀፍ ማስረጃውም ሊያስደነግጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከመንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 ባካሄዱት ፈጣን የመጠጥ ውሃ ጥራት ግምገማ፣ በጀርም መለኪያ ያለፉት የቧንቧ ውሃዎች ወደ 88 በመቶ፣ ጥልቅ ጉድጓዶች ወደ 68፣ የተጠበቁ የእጅ ጉድጓዶች ወደ 55፣ የተጠበቁ ምንጮች ደግሞ ወደ 43 በመቶ ነበሩ። ከሁሉም የወደቀው ምንጭ ነው። በሲሚንቶ ታጥሮ፣ ቧንቧ ወጥቶለት "ጎለበተ" የሚባለው ምንጭ ከግማሽ በላይ ጊዜ አላለፈም። ምክንያቱ የምንጭ ዐይን ሲታጠር የሚጠበቀው መውጫው ብቻ መሆኑ ነው፤ ውሃው የሰረገበት ማሳ፣ በረትና መንደር ከአጥሩ ውጭ ቀርቷል። በግምገማው ከታዩት ምንጮች አብዛኞቹ ትንንሽ የገጠር ምንጮች ስለሆኑ ቁጥሩን በቀጥታ ለአርባ ምንጭ መውሰድ አይቻልም። ለጨንቻና ለዶርዜ ደጋ ግን በደንብ ይናገራል።

የናሙና ችግር ናሙናው አንድ ቀን ላይ መወሰዱ ነው። የጋሞ ቆላ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው በልግ ነው፣ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። በጥር የተቀዳ ናሙና በሚያዝያ ስለሚሆነው ምንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በካናዳ ዎከርተን ከተማ የሆነው ለዚህ የሚጠቀስ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ የከብት ፍግ በተሰነጠቀ አለት አልፎ ወደ ከተማው ጉድጓድ ገባ፤ ክሎሪኑም በአግባቡ አልተጨመረም ነበር። 7 ሰዎች ሞቱ፣ 2,300 ገደማ ታመሙ። በኋላ ቀለም ተጨምሮ ሲሞከር፣ ውሃው በአለቱ ውስጥ የተጓዘው በኮምፒውተር ሞዴል ከተገመተው እጅግ በፈጠነ ፍጥነት እንደነበር ታየ። ሜትሩም፣ ሞዴሉም፣ የቀድሞ ናሙናዎቹም አላስጠነቀቁም።

ከጋሞ ተራራ እስከ ምንጩ

ምንጮቹ የሐይቅ ውሃ አይደሉም። የአባያ ውሃ ሶዳማ ነው፤ ፍሎራይዱም ከመጠጥ ውሃ ገደብ፣ ማለትም ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ነው። ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ግን ጣፋጭ ውሃ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከከፍታው ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ግምት አለ። አንደኛው ውሃው በዋናነት ከሩቁ የጋሞ ደጋ የሰረገ፣ በጥልቅ የተጓዘና ዕድሜው የረዘመ ነው ይላል። ሁለተኛው ጉልህ ድርሻው ከቅርቡ፣ ከሴቻ እርከንና ከዳገቱ የሰረገ ዝናብና ፍሳሽ ነው ይላል። የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪ ሰይፉ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ጭምር እንደሚታየው፣ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ሁለቱ ፍሰቶች መደባለቃቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ድርሻው ስንት ነው ወደሚለው ይወርዳል።

ድርሻው ለምን ወሳኝ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ሰው በዓመት ወደ 4 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ያስወጣል። በአንድ ሄክታር 100 ሰው ቢኖር 400 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከዚህ ሩብ ያህሉ ወደ ከርሰ ምድር ይደርሳል እንበል፤ የሚሰርገው ዝናብም በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ይሁን። በሄክታር 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይሸከማል ማለት ነው፤ በሊትር 100 ሚሊ ግራም። ገደቡ በናይትሬት 50፣ በናይትሮጅን ሲቆጠር 11 ገደማ ነው። እንግዲህ ከሰፈሩ ሥር የሚወርደው ውሃ ከምንጩ ፍሰት አንድ ዘጠነኛውን ካለፈ ንጹሕ የደጋ ውሃ ቢደባለቅበትም ገደቡን ይሻገራል። ታሳቢዎቹን መለዋወጥ ይቻላል፤ ሙሌቱ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውሃው ይቀጥናል፣ ሕዝቡ በእጥፍ ቢጠጋጋ ይወፍራል። የማይለወጠው ነገር ድርሻውን ሳያውቁ "ምንጩ ትልቅ ነው፣ ያቀጥነዋል" ማለት አለመቻሉ ነው። ከተማዋ ደግሞ አታቆምም፦ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 40,020 የነበረው ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 74,879 ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ "ገደሉ ወፍራም ነው፣ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ይጣራል" የሚል ነው። ለባክቴሪያ ከፊል እውነትነት አለው፤ ወፍራም ደረቅ ንብርብር ጊዜ ይሰጣል፣ ጊዜ ደግሞ ይገድላል። ቫይረስ ከባክቴሪያ ይልቅ ይቆያል። ናይትሬት ጭራሽ አይሞትም። ክሎሪን የሚያስወግደው የመጀመሪያዎቹን እንጂ ናይትሬትን አይደለም። ከሁሉ የሚያሳስበው ውፍረቱ የሚያዘገየው መሆኑ ነው። ዛሬ በምንጩ የሚለካው ናይትሬት ከብዙ ዓመት በፊት የነበረችውን ትንሽ ከተማ ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ባለበት ቀን ሽንት ቤቶቹ ሁሉ ቢዘጉ እንኳ በመንገድ ላይ ያለው መድረሱን ይቀጥላል።

በካዩ አንድ አይደለም

ብዙ ሰነዶች በካዮችን በአንድ ረድፍ ይደረድራሉ፤ ባሕርያቸውን መለየት ግን የመከላከያውን ዓይነት ይወስናል። በቆላው የሙዝና የጥጥ ማሳ ጸረ ተባይ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው ዲዲቲ ነው፤ ይሁንና ዲዲቲ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ጉድጓድ የመስረግ ዕድሉ አነስተኛ ነው። በጎርፍ ከደለል ጋር ሆኖ ወደ አባያና ጫሞ፣ ከዚያም ወደ ዓሣ ይሄዳል። በውሃ የሚሟሟ የአረም መድኃኒትና የዩሪያ ማዳበሪያ ናቸው ለጥልቀት አልባ ጉድጓድ የሚያሰጉት፤ በተለይ በሐሬ፣ በኩልፎና በሲሌ ወንዞች መስኖ በሚጠጣ ደለላማ ሜዳ ላይ፣ የውሃው ወለል ቅርብ በሆነበት። በከተማው የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ፣ የነዳጅ ማደያ የመሬት ውስጥ ታንክና የጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እያንዳንዳቸው የሚጠይቁት ምርመራ ይለያያል። የኢኮላይ ባክቴሪያ ምርመራ አንዳቸውንም አያሳይም።

ፍሎራይድ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይስባል። ውሃ ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ አለት ጋር በቆየ መጠን፣ ካልሲየሙ ባነሰ መጠን ፍሎራይዱ ይጨምራል። ጀርምን ለመሸሽ ወደ ጥልቅ የሄደ ቁፋሮ ፍሎራይድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለሐይቁ ቅርብ በሆነ ሜዳ ላይ የእጅ ጉድጓዱን ዘግቶ ጥልቅ መቆፈር የብዙ ፕሮጀክቶች ነባር መፍትሔ ነው፤ በአንዱ ስጋት ላይ ሌላ ስጋት እየተካ መሆኑ ግን በቁፋሮው ቀን አይታወቅም። ጀርም ያለበት ውሃ ይፈላል ወይም በክሎሪን ይታከማል፤ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ግን ሲፈላ ጭራሽ ይወፍራል።

የሽንት ቤቱ ክርክር

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከጤና ባለሙያው ወገን ነው። በሜዳ መጸዳዳትን ለማስቀረት ዓመታት ተደክሟል፤ አሁን ሽንት ቤቱ ራሱ በካይ ነው ማለት ሰውን ወደ ቁጥቋጦ መመለስ ነው ይላሉ። ደግሞም ብክለቱ የሚበዛው ምንጩ ላይ ሳይሆን ጀሪካኑ ላይ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ማስረጃ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የውሃ ጥራት ጥናት ከመቅጃው ቦታ ከኢኮላይ ነጻ ውሃ የሚያገኘውን ሕዝብ 14 በመቶ ገደማ ብቻ አድርጎ ሲያሳይ፣ ቤት ውስጥ ሲደርስ ንጹሑ ውሃ ከዚያም እንደሚያንስ አሳይቷል። በቧንቧ መስመርም ውሃ ሲቋረጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ በኩል የቦይ ውሃ ይመጠጣል። ፈረቃ ባለበት ከተማ ንጹሕ ምንጭ ንጹሕ ቧንቧን አያረጋግጥም።

ይህን ሁሉ ተቀብሎ መከራከር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በዓለም 1.77 ቢሊዮን ሰው ጉድጓድ ሽንት ቤት እንደሚጠቀም ገምቶ፣ በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን በሚገባው መጠን አለመጠናቱን አመልክቷል። ሽንት ቤት ሕይወት ያድናል፤ ግን አንዱ ሽንት ቤት በገጠር፣ ሺህ ሽንት ቤት ደግሞ በምንጭ አናት ላይ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው በርቀት ይፈታል። ሁለተኛው የሚፈታው እዳሪውን ከመሬት በማስወጣት ብቻ ነው፣ በተዘጋ ታንክና በቦቴ፣ ወይም ሽንትና ዓይነ ምድርን በመለየት።

ይህ ለአርባ ምንጭ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው ሮዛ የተባለው ፕሮጀክት ከኬንያዋ ናኩሩ፣ ከታንዛኒያዋ አሩሻና ከኡጋንዳዋ ኪትጉም ጋር አርባ ምንጭን መሞከሪያ አድርጓት ነበር። ሽንት የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶች ተሠሩ፣ ሽንቱና የደረቀው ዓይነ ምድር ለማዳበሪያ ተሞከረ። ክላራ የተባለው ፕሮጀክትም ተከትሎ መጣ። እነዚህ የሚታወሱት በአብዛኛው በማዳበሪያነታቸው ነው፤ ከምንጭ ጥበቃ አንጻር ግን ዋጋቸው ሌላ ነበር። የናይትሮጅኑ አብዛኛው ክፍል ያለው ሽንት ውስጥ ነው፤ ሽንቱ ተለይቶ ወደ ማሳ ከሄደ ከላይ የተሰላው ሸክም ወደ ጥቂት ይወርዳል። ሙከራው በዚህ ዓይን ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመረጠው ቦታ የሴቻ ጠርዝ በሆነ ነበር።

ደኑ ማንን ይጠብቃል?

በከተማው ስለ ምንጮቹ ሲነገር ጥበቃው የሚያተኩረው በደኑ ላይ ነው። ምንጮቹን የከበበውና ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቀው ደን በእርግጥ ጥበቃ ይገባዋል፤ ማገዶ ለቀማና ግጦሽ የምንጩን ዐይን በቀጥታ ያሰጋሉ። ነገር ግን ደኑ የቆመው ከምንጩ በታችና ዙሪያ ነው፤ በከርሰ ምድሩ ውሃ የሚኖር ደን ነው። የሚበክለው ነገር በሌላ አቅጣጫ፣ ከላይ ይመጣል። ደኑን ማዳንና የውሃውን ምንጭ ማዳን ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው የተሠራ እየመሰለ ይቀራል።

ኃላፊነቱም በዚያው መስመር ተከፍሏል። ፓርኩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፣ ምንጩና ቧንቧው የውሃና ፍሳሽ ድርጅቱ፣ የሴቻ የግንባታ ፈቃድ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሽንት ቤት የጤና ጽሕፈት ቤቱ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥ ውሃ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲጠየቅ ያዛል። ሁለቱም አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ፈሳሽ ማስወጫ ቱቦ ሲኖር ይሠራሉ። በካዩ ሙሉ ሰፈር ሲሆን፣ እያንዳንዱም ቤት ደንቡን ጠብቆ የቆፈረ ሲሆን፣ ማን ይከሰሳል? ሕጉ ባለበት ሁኔታ ብቸኛው መጨበጫ የግንባታ ፈቃዱ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ምንጩ ከየት እንደሚሞላ የሚያሳይ ወሰን በእጁ ሊኖረው ይገባል።

ክፍት የቀረው

ወሰኑን ማውጣት ከባድ ሳይንስ አይጠይቅም። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከምንጮቹ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። የሚያስፈልገው የምንጩን፣ የሴቻ ዝናብንና የጨንቻ ዝናብን ኢሶቶፕ ማነጻጸር፣ ከበልግ በፊትና በኋላ ናይትሬትና ክሎራይድን ጎን ለጎን መለካት፣ ከዚያም ጉዳት የሌለው ቀለም ከሴቻ በተመረጠ ቦታ ጨምሮ ምንጩ ላይ መጠበቅ ነው። ክሎራይድ የሚያስፈልገው ናይትሬት ከእዳሪ ይሁን ከማዳበሪያ ለመለየት ስለሚረዳ ነው፤ ከሰው የሚወጣው ሁለቱንም ይዞ ይመጣል።

ውጤቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በቀናት ውስጥ ከታየ ሴቻ የምንጩ ጣራ ናት፤ ያኔ ሽንት ቤትን መዝጋትም ሆነ ውሃውን በክሎሪን በማያቋርጥ ቁጥጥር ማከም ግዴታ ይሆናል። ጨርሶ ካልታየ ግን ነገሩ አልተቋጨም፤ ቀለሙ የገባበት ስንጥቅ ወደ ምንጩ የማይሄድ ሆኖ፣ ሃምሳ ሜትር አጠገቡ ያለው የሚሄድ ሊሆን ይችላል። አለመታየቱ የሚያረጋግጠው ስለዚያ አንድ ቦታ ብቻ ነው። በተሰነጠቀ አለት ላይ አሉታዊ ውጤት ስንት ጊዜ ሲደገም ይበቃል በሚለው ላይ የሃይድሮጂኦሎጂ ባለሙያዎች እስካሁን አልተስማሙም፤ እስኪስማሙም የሴቻ ግንባታ አይጠብቅም።